ስልኩ ሲዘጋ የሚጀምር ጦርነት፦ የ‹ትሬድ ዋርስ› ታሪክና ስልት

ጌም ሲባል መቼም ወደ ሁላችንም አእምሮ የሚመጣው የታወቀ ነው። ኳስ የሚራገጥበት፣ መኪና የሚጋለብበት፣ ጥይት የሚንጣጣበት፣ ሥዕሉ ከፊልም የማይተናነስ ነገር። ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ጌም ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። ጥቁር ስክሪን፣ በላዩ ላይ ቀለም የተቀቡ ፊደሎችና ቁጥሮች፣ ከታች ደግሞ «እሺ፣ ምን ልታዘዝ?» የምትል የምትመስል ብልጭ ድርግም ባይ ምልክት። በቃ! መርከባችሁን አታዩዋትም፤ ስሟን ታነባላችሁ። ጠላታችሁንም አታዩትም፤ ያደረሰባችሁን ታነባላችሁ። ያውም ካደረገው በኋላ፣ በማግስቱ።

ስሙ ትሬድ ዋርስ ነው፤ የንግድ ጦርነት እንደማለት። የተወለደው በ1984 ነው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2009 ፒሲ ወርልድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የምንጊዜም አሥር ምርጥ የኮምፒውተር ጌሞችን ሲመርጥ ‹ትሬድ ዋርስ 2002› የተባለውን እትሙን አሥረኛ አድርጎ አስቀመጠው። እኛም «ሥዕል የሌለው ጌም ከነዚያ ሁሉ መሀል ምን ሊሠራ ገባ?» ብለን ነበር ነገሩን መቆፈር የጀመርነው።

የደረስንበትን ከአሁኑ እንናገርና እንገላገል። ይህን ጌም ትልቅ ያደረገው የነበረው ነገር ሳይሆን ያልነበረው ነው። አንድ የስልክ መስመር፣ ጥቂት ደቂቃ፣ የተቆጠረች ርምጃ። ስልቱ ሁሉ የተወለደው ከዚህ እጦት ነው። እጦቱ ሲነሳ ደግሞ ጨዋታውም ሌላ ሆነ።

በረዶ የወለደው ሰሌዳ

ታሪኩን ለመረዳት ከኢንተርኔት በፊት ወደነበረው ዘመን እንመለስ። በጥር 1978 ቺካጎን ከባድ የበረዶ ውሽንፍር መታት። ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ወዳጆች ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው አንድ ሐሳብ መጣላቸው። የክበባቸው አባላት ግድግዳ ላይ ወረቀት የሚለጥፉበትን የማስታወቂያ ሰሌዳ በስልክ ለምን አያደርጉትም? የካቲት 16 ቀን 1978 ሥራ የጀመረው ሥርዓታቸው በዓለም የመጀመሪያው ቢቢኤስ ሆነ። ቢቢኤስ ማለት በአጭሩ አንድ ሰው ቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ ከስልክ መስመር ጋር በሞደም የተያያዘ ኮምፒውተር ነው። እናንተ ከቤታችሁ በሞደም ትደውላላችሁ፤ ያ ኮምፒውተር ስልኩን ያነሳል፤ መልእክት ታነባላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ፋይል ትወስዳላችሁ፣ ስልኩን ትዘጋላችሁ። ልብ በሉ፤ አብዛኞቹ ትናንሽ ሰሌዳዎች ያላቸው መስመር አንድ ብቻ ነው። አንዱ ገብቶ ሳለ ሌላው ሲደውል የሚሰማው የ«ተይዟል» ድምፅ ነው።

የሞደሙ ፍጥነት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የመጀመሪያዎቹ በሴኮንድ 30 ፊደል ገደማ ነበር የሚያስተላልፉት። አንድ ሙሉ ስክሪን 80 ፊደል በ24 መስመር፣ በድምሩ 1920 ፊደል ይይዛል። ስሌቱን ሥሩት፤ አንድ ገጽ እስኪሞላ ከአንድ ደቂቃ በላይ ነው! ቆየት ብሎ በመጡት፣ በሴኮንድ 240 ፊደል በሚያስተላልፉት ሞደሞች እንኳ ስምንት ሴኮንድ ይፈጃል። በዚህ መስመር ሥዕል መላክ ሞኝነት ነው። ቃል ግን ያልፋል። ስለዚህ ጌሞቹም ከቃል ተሠሩ።

ይህ ቴክኖሎጂ ለአገራችንም ፍጹም እንግዳ አልነበረም። በ1984 ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ ፊዶኔት የሚባል ዘዴ ፈጠረ፤ ሰሌዳዎቹ ሌሊት ሌሊት እርስ በርሳቸው ተደዋውለው መልእክት የሚለዋወጡበት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚሁ ከተማችን ሆኖ ኢሜይል ይልክና ይቀበል የነበረው በዚሁ በፊዶኔት ነበር። ማለትም ዛሬ የምናወራው ዓለም ቧንቧው በደጃችን አልፏል።

ሲራራ ነጋዴ በጠፈር ላይ

የጌሙ ዘር ከ1974 ይመዘዛል። በዚያ ዓመት ዴቭ ካውፍማን የተባለ ሰው ስታር ትሬደር የሚባል ፕሮግራም ጻፈ፤ ተጫዋቾች ከኮከብ ኮከብ እየዞሩ ሸቀጥ የሚገዙበትና የሚሸጡበት። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ግሪጎሪ ዮብ ‹ሀንት ዘ ዋምፐስ›ን ሠርቶ ነበር፤ በዋሻ በተያያዙ ክፍሎች ውስጥ የተደበቀ አውሬ የሚታደንበት ጌም ነው። ክሪስ ሼሪክ የተባለ ፕሮግራመር በ1984 የሁለቱን ሐሳብ አጋባና የመጀመሪያውን ትሬድ ዋርስ በቤዚክ ቋንቋ ጻፈ። ከአንዱ ንግዱን፣ ከሌላው የዋሻውን ካርታ ወሰደ። ከሁሉም በላይ ግን ቢቢኤስ ላይ አኖረው። አውሬው ሰው ሆነ ማለት ነው።

በዚያው በ1984 እንግሊዝ አገር ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል ‹ኢሊት›ን አወጡ። እሱም የጠፈር ነጋዴ ጌም ነው፤ እንዲያውም መርከቦቹ በመስመር ሥዕል ይታዩ ስለነበር ዓለምን አስደነቀ። ልዩነቱን ተመልከቱ። ኢሊት ውስጥ የሚዘርፋችሁ ኮምፒውተሩ ነው። ትሬድ ዋርስ ውስጥ የሚዘርፋችሁ እዚያው ሰፈር የሚኖር፣ ምናልባትም ትምህርት ቤት አብሯችሁ የሚማር ልጅ ነው። ለምን ቢባል ሩቅ መደወል ስለሚያስከፍል አብዛኛው ሰው የሚደውለው ለሰፈሩ ሰሌዳ ነበር። ጠፈሩ ሰፊ ነው፤ ተጫዋቹ ግን ጎረቤት ነው።

ከሼሪክ በኋላ ብዙዎች ጌሙን እየገለበጡና እያሻሻሉ የየራሳቸውን እትም አወጡ። ከሁሉም የገነነው ጌሪ ማርቲን በፓስካል ቋንቋ የጻፈው ትሬድ ዋርስ 2002 ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለነበሩት ተጫዋቾች 2002 ገና ሩቅ የወደፊት ዘመን ነበር። አሁን ለእኛ ያለፈ ዘመን ሆኖ ስሙን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ሜዳው

ሜዳው እንዲህ ነው። ጠፈሩ በቁጥር በተሰየሙ ሴክተሮች የተከፈለ ነው፤ የተለመደው 1000 ነው። ከአንዱ ሴክተር ወደ ሌሎች የሚወስዱ በሮች ቢበዛ ስድስት ናቸው። አንዳንዱ በር ያስወጣል እንጂ አያስመልስም። ካርታ የሚሰጣችሁ የለም፤ እየዞራችሁ ትስሉታላችሁ። ብዙ ሴክተሮች ውስጥ ወደብ አለ። ወደቦቹ ሦስት ሸቀጥ ብቻ ያውቃሉ፦ የነዳጅ ማዕድን፣ ኦርጋኒክ ምርትና ማሽነሪ። ማዕድኑ ርካሽ፣ ማሽነሪው ውድ ነው። አንዱ ወደብ ማሽነሪ ይሸጣል፣ ሌላው ይገዛል። ሦስት ሸቀጥ፣ ለእያንዳንዱ መግዛት ወይ መሸጥ፤ በድምሩ ስምንት ዓይነት ወደብ። የጌሙ ኢኮኖሚ ይኸው ነው። አንድ መስመር የማይሞላ ደንብ!

ከአንድ እስከ አሥር ያሉት ሴክተሮች የፌዴሬሽኑ ግዛት ናቸው። ከነዚህ አንደኛው ውስጥ ቴራ፣ ማለትም የእኛዋ መሬት አለች። ከአሥሩ ሌላ ስታርዶክ የሚባል ትልቅ ጣቢያ አለ፤ መርከብ የሚሸጥበት፣ ባንክ ያለበት፣ ጠጅ ቤት ቢጤ መጠጥ ቤትም የማይጠፋበት። ጀማሪ ተጫዋች ክፉ እስካልሠራና የልምድ ነጥቡ 1000 እስካልደረሰ ድረስ በዚህ ግዛት ውስጥ ፌዴሬሽኑ ይጠብቀዋል። ጠባቂዎቹ መኮንኖች ከነስማቸው የተሰጡ ናቸው፤ ካፒቴን ዛይሬን፣ አድሚራል ኔልሰንና አድሚራል ክላውስቪትዝ። የጦርነትን ፍልስፍና የጻፈውን ጀርመናዊ የጠፈር ዘበኛ ያደረገ ሰው መቼም ቀልድ ያውቃል።

ሌላው ትልቅ ሕግ የዕለት ርምጃ ነው። የሰሌዳው ባለቤት ለእያንዳንዱ ተጫዋች በቀን የተወሰነ ርምጃ ይመድባል። መጀመሪያ የሚሰጣችሁ የነጋዴ መርከብ 20 የጭነት ክፍል አላት፤ እየገዛችሁ እስከ 75 ማድረስ ትችላላችሁ። ከሴክተር ሴክተር ለመሄድ ሦስት ርምጃ ትበላለች፤ ወደብ ላይ ለመገበያየት አንድ። አንድ ጉዞና አንድ ግብይት አራት ርምጃ ነው። በቀን 200 ርምጃ ቢኖራችሁ 50 ግብይት ነው ያላችሁ፤ ከዚያ ደህና እደሩ።

ይህ ሕግ የወጣው ለጌሙ ውበት ተብሎ አይደለም። አንዱ መስመሩን ይዞ እንዳያድር ነው። አያችሁ፣ ስንፈልገው የነበረው ነገር እዚህ ላይ ነው የተገኘው። ከስልክ ወረፋ የመጣ ሕግ የጌሙ ነፍስ ሆነ። ርምጃ የተቆጠረ ከሆነ እያንዳንዱ ርምጃ ዋጋ አለው። ዋጋ ካለው ደግሞ ይታሰብበታል። ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየተቆጠረብን ያደግን ልጆች ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገንም። የምንጽፈውን ኢሜይል ቤታችን በወረቀት ጽፈን የምንሄደው ለዚህ አልነበረም? የትሬድ ዋርስ ተጫዋችም እንዲሁ ነው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ በወረቀት ካርታ ይስላል፣ ሂሳብ ይሠራል፣ ነገ የሚያደርገውን ያሰላስላል። ጨዋታው ከስክሪኑ ውጪ ነው የሚበዛው።

ስልት አንድ፦ ሁለት ጎረቤታም ወደቦች

ጀማሪ ሲገባ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፤ ጠፈሩን ልይ ብሎ ሲዞር ርምጃው ያልቃል። ዐዋቂው ግን ሁለት ወደብ ይፈልጋል። አንደኛው ማሽነሪ የሚሸጥና ኦርጋኒክ የሚገዛ፣ ጎረቤቱ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ። በእነዚህ ሁለቱ መሀል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ መመላለስ ነው። ባዶ የምትሄድ መርከብ የለችም፤ ስትሄድም ስትመለስም ትነግዳለች። ጥንት ሲራራ ነጋዴው አሞሌ ጭኖ ወርዶ ቡና ጭኖ የሚመለስበት ሂሳብ እኮ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ክርክር አለ። ወደቡ ዋጋ ይጠራል፤ እናንተ ሌላ ትጠራላችሁ። ብዙ ከጨከናችሁ ይዘጋባችኋል፤ ከተሽኮረመማችሁ ትበላላችሁ። ጥሩ የተከራከረ ገንዘብም የልምድ ነጥብም ያገኛል። እያንዳንዱ ወደብ ለእያንዳንዱ ሸቀጥ የደበቀው ቁጥር አለውና ተመላልሶ ያጠናው ሰው የወደቡን ልብ ያውቃል። መርካቶ ከእናቱ ጋር ገብቶ ያደገ ልጅ ይህን ጌም ቢያገኝ ኖሮ ማን ይችለው ነበር?

ነገር ግን ወደብም ይደክማል። ደጋግማችሁ ስትገበያዩ ክምችቱ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይበላሻል። ከዚያ ጊዜ ወስዶ ቀስ እያለ ይሞላል። ስለዚህ ጥሩ ወደቦች ያገኘ ሰው ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ እንዳያደክማቸው መቆጠብና ሌላ ሰው እንዳያያቸው መደበቅ። ሀብት እዚህ ሚስጥር ነው።

ስልት ሁለት፦ ሹመት ወይስ ሽፍትነት

ነጥብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልምድ ነው፤ ሌላው ሥነ ምግባር። ጥሩ ሠርቶ የሥነ ምግባር ነጥቡን 1000 ያደረሰ ሰው ከፌዴሬሽኑ ሹመት ያገኛል፤ ለሹመኞች ብቻ የምትሸጠውን ኢምፔሪያል ስታርሺፕ የተባለች ኃይለኛ መርከብም መግዛት ይፈቀድለታል። ወደ ታች የወረደው ደግሞ ሌላ በር ይከፈትለታል፤ ወደቦችን መስረቅና መዝረፍ። ተጫዋቾቹ ጥሩዎቹን ሰማያዊ፣ ክፉዎቹን ቀይ ይሏቸው ነበር።

የሚገርመው ቀይ መሆን ስንፍና አለመሆኑ ነው፤ ከንግድ የበለጠ ሂሳብ ይጠይቃል። ሌባው ከልምዱ በላይ ከሰረቀ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። መጨረሻ ወደሰረቀበት ወደብ ወዲያው ተመልሶ ከሰረቀ ደግሞ ያለ ጥርጥር ይያዛል። ከተያዘ የጭነት ክፍሉንም ልምዱንም ያጣል፤ ያ ወደብም አይረሳውም። ስለዚህ ቀዮቹ ከፈጠሩት ዘዴ ሁሉ ዝነኛው እንዲህ ነው። ሁለት መርከብ ሁለት ወደብ ላይ ታቆማላችሁ። ከአንደኛው ወደብ ማሽነሪ ትሰርቃላችሁ፤ የሰረቃችሁትን እዚያው ለራሱ ለባለቤቱ ትሸጣላችሁ፤ ከዚያ በማጓጓዣ ጨረር ወደ ሁለተኛዋ መርከብ ዘላችሁ ያንኑ ትደግማላችሁ። የሰው ዶሮ ሰርቆ ለባለቤቷ መሸጥ ማለት ነው፤ ያውም ሳይከፋው አመስግኖ ይገዛል!

ጌሙ ግን ስብከት የለውም። ጥሩነት ጥበቃና ሹመት ይሰጣል፤ ክፋት ፈጣን ገንዘብ። ሁለቱም ዋጋ አላቸው። የትኛውን እንደሚመርጥ እያንዳንዱ ራሱን ያያል።

ስልት ሦስት፦ መተኛትን ማወቅ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ስልኩን ስትዘጉ መርከባችሁ አትጠፋም። ያቆማችሁባት ሴክተር ውስጥ እንዳለች ትቀራለች። ቀጣዩ ደዋይ ገብቶ ካገኛት ያጠቃታል። አንድ መስመር ባለው ሰሌዳ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊገባ ስለማይችል እያንዳንዱ ውጊያ፣ አዎ እያንዳንዱ፣ ከሌለ ሰው ጋር የሚደረግ ውጊያ ነው። አጥቂው ነቅቷል፤ ተጠቂው ተኝቷል። በማግስቱ ስትደውሉ ጌሙ ሌሊት የሆነውን በጥቂት መስመር ያነብላችኋል። ዕድለኛ ከሆናችሁ በማምለጫ ጀልባ ላይ ናችሁ፤ ካልሆናችሁ ደግሞ ለዛሬ ሞታችኋል፣ ነገ ደውሉ።

እንግዲህ በዚህ ጌም ትልቁ ጥያቄ «እንዴት ልዋጋ?» አይደለም። «የት ልደር?» ነው። የድሮ ሲራራ ነጋዴም ጭንቀቱ መንገዱ ብቻ አልነበረም፤ ማደሪያውም ጭምር እንጂ።

መልሱ ምሽግ ነው። ባለ ገንዘቡ ተጫዋች ከስታርዶክ የጄነሲስ ቶርፒዶ ይገዛና ባዶ ሴክተር ውስጥ ፕላኔት ይፈጥራል። ከዚያ ከቴራ ሰፋሪዎችን እየጫነ ያመላልሳል፤ ሰፋሪዎቹ ማዕድን፣ ምርት፣ ማሽነሪና ተዋጊዎች ያመርቱለታል። ሰውና ቁሳቁስ ሲሟላ ምሽግ ይገነባል፤ ስድስት ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱም ቀናት ይፈጃል። በመጀመሪያው ደረጃ ግምጃ ቤት፣ በሦስተኛው መድፍ ይኖራችኋል። አራተኛው ላይ ስትደርሱ ፕላኔቷን ራሷን ከነሕዝቧ ከሴክተር ሴክተር ታስፈነጥራላችሁ። አምስተኛው ጋሻ ይሰጣል፤ ስድስተኛው የገባ ጠላት እንዳይወጣ ያግታል።

ምሽጉ የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ከምሽጉ ይበልጣል። ጎበዞቹ ካርታውን አጥንተው አንድ መግቢያ ብቻ ያላቸውን የሴክተር ስብስቦች ይፈልጋሉ፤ እነሱ አረፋ ይሏቸዋል። በሩ ላይ ተዋጊዎችንና ፈንጂ ታስቀምጣላችሁ። ተዋጊዎቹን «ተከላከሉ»፣ «አጥቁ» ወይም «ቀረጥ ተቀበሉ» ብላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ፤ ሦስተኛው ኬላ መሆኑ ነው። ከዚያም አንዳንድ ተዋጊ በየሴክተሩ ትበትናላችሁ፤ እንዲዋጋላችሁ ሳይሆን «እገሌ በዚህ አለፈ» ብሎ እንዲነግራችሁ። አንድ ርካሽ ተዋጊ ተኝታችሁ ሳለ የማይተኛ ዓይን ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው አባባል እዚህ ተረት አይደለም፣ የጨዋታ ሕግ ነው።

ስልት አራት፦ ማኅበር

ብቻውን ይህን ሁሉ የሚችል የለም። ርምጃ አይበቃውም። ስለዚህ ተጫዋቾች ኩባንያ ያቋቁማሉ። የአንዱ ርምጃ ሲያልቅ የሌላው ይቀጥላል፤ አንዱ ሰፋሪ ሲያጓጉዝ ሌላው ይነግዳል፣ ሌላው ይሰልላል። ቀዮቹ ላይ ጥቅሙ ይበልጥ ይታያል፤ ለአንዱ የተበላሸበት ወደብ ለጓደኛው ገና ንጹህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ብርቱ ኩባንያ የያዘው ጠፈር ውስጥ ብቸኛ ተጫዋች ሲራመድ ቁርስ ነው።

ግን ኩባንያ ማለት ሚስጥር መካፈልም ነው። የፕላኔቷን ሴክተር ቁጥር የሚያውቅ ጓደኛ ነገ ቢኮርፍስ? አረፋው ውስጥ የገባው በር ሰብሮ ሳይሆን በሩን ሲጠብቅ ከርሞ ከሆነስ? ጌሙ ይህን የሚከለክል ሕግ የለውም። መተማመንን የሚጽፍ ፕሮግራመር የለም፤ ወይ አለ ወይ የለም። ተጫዋቾቹ ጎረቤታሞች መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ያከረዋል። ክህደቱ የተፈጸመው ሴክተር ውስጥ ነው፤ ከሃዲውን የምታገኙት ግን ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ ነው። ከሁሉም ጌሞች ይህን የሚለየው ነገር ይህ ይመስለናል። ቁጥሮቹ የውሸት ናቸው፤ ቂሙ የእውነት ነው።

ገደቡ ሲነሳ

በ1994 በወጣ አንድ ግምት አሜሪካ ውስጥ ብቻ 60,000 ያህል ሰሌዳዎችና 17 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ወጣ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ሰዎች ለሰፈራቸው ኮምፒውተር መደወል ትተው ለዓለም ደወሉ፤ ሰሌዳዎቹም አንድ በአንድ ስልካቸውን ነቀሉ። ከነሱ ጋር ጌሞቻቸውም ሄዱ።

ትሬድ ዋርስ ግን አልሞተም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጆን ፕሪቸት የተባለ ፕሮግራመር ተረክቦ፣ ያለ ቢቢኤስ በራሱ ቆሞ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰርቨር ጻፈለት። አሁን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል። ጠፈሩ እስከ 20,000 ሴክተር ይሰፋል። የርምጃ ገደቡንም ማንሳት ይቻላል። ወረፋ የለ፣ «ተይዟል» የለ። ተጫዋች ሁሉ ሲመኘው የኖረው ነገር!

ታዲያ ምን ሆነ? ርምጃ ገደብ ሲያጣ ርምጃ ዋጋ አጣ። ሁለቱን ወደብ አንድ ሺህ ጊዜ መመላለስ ከተቻለ የሚያሸንፈው ያሰበው ሳይሆን ያልደከመው ነው። ያልደከመው ማን ነው? ማሽኑ። ተጫዋቾች እንደ ቲደብልዩኤክስ ፕሮክሲና ስዋዝ ያሉ አጋዥ ፕሮግራሞችን ሠሩ። ፕሮግራሙ ካርታ ይስላል፣ ወደብ ያጠናል፣ ይከራከራል፣ ይሰርቃል፤ ጠላት ሲመጣ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን መልስ ይሰጣል። ያ ሁሉ በወረቀት የተሠራ ካርታ፣ ያ ሁሉ የወደብ ልብ ማጥናት በአንድ ቁልፍ ሆነ። ውጊያውም ከሌለ ሰው ጋር መሆኑ ቀርቶ ከነቃ ሰው ማሽን ጋር ሆነ።

ፍርዳችንን በችኮላ እንዳንሰጥ ግን ሌላውንም ወገን እንስማ። ይህን ለውጥ የወደዱት ብዙ ናቸው፤ ምክንያትም አላቸው። ስክሪፕት መጻፍ ራሱ አዲስ ስልት ሆነላቸው። የሚወዳደሩት በመነገድ ሳይሆን የሚነግድ ነገር በመሥራት ነው። የድሮዎቹ የወደቡን የተደበቀ ቁጥር በእጃቸው ፈልገው ካገኙ፣ እነዚህ ደግሞ ፈላጊውን ሠሩ። ይህ ዕውቀት አይደለም ማለት አይቻልም። እንዲያውም የድሮውን ጨዋታ የሚናፍቁት በአብዛኛው የሚናፍቁት ጨዋታውን ሳይሆን የራሳቸውን 16 ዓመት ነው የሚል ቢመጣ አንከራከረውም።

አንድ ነገር ላይ ግን አንደራደርም። ገደቡ የነበረ ጊዜ ሁሉም እኩል ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውለውም፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚያገኘውም የሚሰጣቸው ያችው 200 ርምጃ ነበረች። ጊዜ ያለው ጊዜ የሌለውን መብላት አይችልም ነበር። ገደቡ ሲነሳ «ነፃነት» ተባለ፤ ነፃ የወጣው ግን ጊዜና ማሽን ያለው ነው። የቀረው ገበያተኛ ሆኖ ገብቶ ገበያ ሆኖ ወጣ።

መውጫ

እንግዲህ መጀመሪያ ወደጠየቅነው እንመለስ። ሥዕል የሌለው ጌም ከነዚያ ሁሉ መሀል ምን ሊሠራ ገባ? እኛ የምናየው እንዲህ ነው። የሠሩት ሰዎች ሥዕል መላክ አልቻሉም፤ ስለዚህ ሥዕሉን ለተጫዋቹ ተዉለት። ቀኑን ሙሉ መስመር መስጠት አልቻሉም፤ ስለዚህ ቀሪውን ቀን ለማሰብ ተዉለት። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ማስገባት አልቻሉም፤ ስለዚህ ጥርጣሬንና መተማመንን የጌሙ ዋና መሣሪያ አደረጉት። ይህን ሁሉ አስበው አቅደው አላደረጉትም። ያላቸውን ይዘው ሠሩ፤ ያልነበራቸው ነገር የቀረውን ሠራላቸው።

እኛም ኮኔክሽን ቀርፋፋ ነው፣ መብራት ሄደ፣ መሣሪያ የለንም እያልን ስናማርር የኖርን ነን፤ ምሬቱ እውነት ነው፣ ማንም እጦትን አያምርም። ነገር ግን በሴኮንድ 30 ፊደል በሚያስተላልፍ ሽቦ፣ ሦስት ሸቀጥና አንድ ሺህ ቁጥር ይዘው፣ ከተሠራ ከአርባ ዓመት በኋላም የሚወራለት ዓለም የገነቡ ሰዎች መኖራቸውን ማወቅ ጥሩ ነው። የሚቀጥለው የእኛ ሰፈር ልጅ ጌም ልሥራ ብሎ ሲነሳ «ግራፊክስ የሚሠራ ኮምፒውተር የለኝም» ካላችሁ ይህን ታሪክ ንገሩት። ወረቀትና እርሳስም ስጡት። ካርታው የሚጀምረው ከዚያ ነው።